እማማ አለሁ

ስልኩ ሲጮህ ጩጬ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የአያቷን ብርጭቆዎች በአሮጌ ጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትከት ነበር። ከድንጋጤዋ የተነሣ አንዱ ከእጇ ሾልኮ ወደቀ፤ ደግነቱ ምንጣፍ ላይ ስለነበር አልተሰበረም። ቤቱ ውስጥ ስልክ መኖሩን ረስታ አይደለም። እንዲያውም ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ ከትልቁ ከተማ ድረስ የመጣችው ቤቱን ባዶ ለማድረግና ስልኩን ለማስነቀል ነው። የረሳችው ስልኩ ሊጮህ እንደሚችል ነው። ባለቤቱ ከተቀበሩ ሁለት ሳምንት ለሆነው ቤት ማን ይደውላል?

ተነሥታ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ እጀታውን አነሣች።

"ጤና ይስጥልኝ፤ ምን ልርዳዎ?"

እንዲህ ማለቷ ለራሷም አሳፈራት። ይህ የቤት ሰላምታ አይደለም፤ የሥራ ነው። ጩጬ በአንድ ባንክ የጥሪ ማዕከል ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ከሰካች ማታ እስክትነቅለው ድረስ የምትናገረው ሁሉ አስቀድሞ ተጽፎ የተሰጣት ነው፤ ሳቋ እንኳ የተወሰነ ቦታ አለው። ስለዚህ አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ዝም ሲል ምን እንደሚደረግ ጠንቅቃ ታውቃለች።

"ድምፅዎ እየደረሰኝ አይደለም። ይሰማዎታል?"

መልስ የለም። መስመሩ ግን ክፍት ነው፤ ከወዲያ በኩል የሚተነፍስ ሰው አለ። ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ መጣ። ያረጀ ሽቦ ነው አለች በልቧ።

"ይሰማዎታል?" ቀጭ። "ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎ፣ ይሰማዎታል?" አሁንም ቀጭ።

ደንቡ እስከ ሦስት ጊዜ ነው። "ድምፅዎ ስለማይሰማ መስመሩን ለመዝጋት እገደዳለሁ። ስለደወሉልን እናመሰግናለን" አለችና እጀታውን መለሰች። ከመዝጋቷ በፊት ሽቦው ቀጭ ቀጭ ብሎ ነበር። በባዶ ቤት ውስጥ "እናመሰግናለን" ማለቷ ትንሽ አሳቃት፤ ወደ ብርጭቆዎቿ ተመለሰች።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ሴት "ጩጬ" ብሎ መጥራት ያስቃል እንጂ፣ እግሯ እዚህች ትንሽ ከተማ ከረገጠ በሌላ ስም የሚጠራት የለም። ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው መጨረሻ ነበረችና። የአያቷንም ስም ያወጣው ከተማው ነው። ድሮ፣ ስልክ በሰው እጅ ይገናኝ በነበረበት ዘመን፣ የከተማዋ ስልክ ቤት ቴሌፎኒስት እሳቸው ነበሩ። ሰው ቤቱ ሆኖ እጀታውን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነው። እሳቸውም "ማን ጋ ላገናኝ?" ከማለታቸው በፊት "አለሁ" ይላሉ። የእጁ ሥራ በማሽን ተተክቶ ጡረታ ሲወጡም በገዛ ቤታቸው ስልክ አንድ ቀን "ሃሎ" ብለው አያውቁም። እማማ አለሁ ሆነው ቀሩ።

ችግሩ የመጣው የሞቱ ጊዜ ነው። "እማማ አለሁ የሉም" ብሎ መናገር ለከተማው ሰው ፈተና ሆነ። የስልክ ቤቱ የድሮ ዘበኛ በቀብሩ ላይ ሁለት ቃል ልናገር ብሎ ተነሣና፣ "እማማ አለሁ... እማማ አለሁ..." እያለ ቀጣዩን ቃል ከአፉ ማውጣት ስላቃተው እንዲሁ እያለቀሰ ተቀመጠ። ጩጬ በእንባዋ መሃል ሳቅ አመለጣት፤ አጎቷ በክርኑ ጎሸም አደረጋት፤ ዞር ብላ ስታየው ግን እሱም ከንፈሩን ነክሶ ነበር።

አጎቷ ረፋዱ ላይ በሞባይሏ ደወለ። ቤቱን የሚከራዩት ሰዎች ነገ ጓዛቸውን ይዘው እንደሚገቡ፣ ቁም ሣጥኑን የሚጭን መኪና ማታ እንደሚልክ፣ የወጥ ቤት ዕቃውን ለይታ እንድታስቀምጥ በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ችኩል ሰው ነው፤ ሐዘኑንም እንደ ሥራ ቶሎ ቶሎ የሚጨርሰው ይመስላል።

"ስልኩስ?" አለ።

"ከሰዓት በኋላ መጥተው ይነቅሉታል፣ ጋሽዬ።"

"ይንቀሉት። ከእንግዲህ ማን ሊያነሣው።" ከዚያ እንደ ልማዱ ይዘጋል ብላ ስትጠብቅ አልዘጋም። "ትናንትና ሳላስበው ደወልኩ እኮ።"

"የት?"

"እቤት። ሲጮህ ሲጮህ ቆየና ዘጋሁት።" ቶሎም ወሬውን ቀየረ። "በይ ካርቶኖቹን በደንብ እሠሪያቸው፤ መንገዱ ያነጥራል።"

ጩጬ ሞባይሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አሮጌውን ስልክ አየችው። ጥቁር ነው፤ የእጀታው ግራ ጎን በአያቷ መዳፍ ብዛት ቀለሙ ለቆ ደብዝዟል። እሷ ራሷ ብዙ አትደውልም ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስታነሣ ለዋለች ሰው ማታ ደግሞ ሌላ ስልክ ጆሮ ላይ መለጠፍ ቅጣት ነው። አያቷም ይህ ይገባቸው ነበር። ሁለት ቃል ተለዋውጠው ሲያበቁ "በይ ጆሮሽን አሳርፊው" ይሏትና ቀድመዋት ይዘጉ ነበር። ብዙ የሚያወሩት ነገር ያላቸው አይመስላትም ነበር፤ አንዲት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ከመስኮት አጠገብ ተቀምጣ ምን ወሬ ይኖራታል?

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ስልኩ እንደገና ጮኸ። ይህኛው ደዋይ ይናገራል፤ ድምፁ የሽማግሌ ነው፤ ከሌላ ከተማ ነው የሚደውለው። ጩጬ "ሃሎ" ስትለው ወዲያው አልመለሰም።

"እማማ አለሁን ፈልጌ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"እማማ አለሁ..." አለች ጩጬ። ቀጣዩ ቃል ከእሷም አፍ አልወጣ አለ። የዘበኛው ጭንቀት አሁን ገባት። በየቀኑ ስንቱን ክፉ ዜና፣ የተዘጋ ሒሳብ፣ የጠፋ ካርድ በለሰለሰ ድምፅ ስትናገር የምትውል ሰው፣ አንዲት ቃል መጨረስ አቃታት።

"ይገባኛል፤ አትቸገሪ" አላት ሰውየው። "ስልኩ ተነሥቶ 'አለሁ' ሳይባል ሲቀር ገብቶኝ ነበር።"

ሰውየው ድሮ የአያቷ አለቃ ነበር። እያዘነም እየሳቀም አጫወታት። ያኔ ከዋናው መሥሪያ ቤት ለቁጥጥር ይላክ ነበር፤ ደንቡ ደግሞ ቴሌፎኒስት ስታነሣ "ማዕከል" እንድትል ያዛል። እሱ ሊፈትናቸው ከጎረቤት ከተማ ሲደውል "አለሁ" አሉት። "ማነሽ?" አላቸው። "እኔ ነኛ" አሉት። ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው፤ በሚቀጥለው ሲደውል አሁንም "አለሁ"። ሦስተኛ ጊዜ በአካል መጥቶ ሲቆጣቸው፣ እንዲህ ጠየቁት፤ ሌሊት ልጅህ ታሞብህ እጀታውን ስታነሣ ማንን ነው የምትፈልገው፣ ማዕከልን ነው? በመዝገቡ ላይ "ተስተካክላለች" ብሎ ጽፎ ሄደ። ጡረታ ከወጣና ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ግን በየጊዜው ይደውልላቸው ነበር።

"ምን ታወሩ ነበር?" ብላ ጠየቀችው ጩጬ።

"እኔ ነበርኩ የማወራው" አላት። "እሳቸው ያዳምጡ ነበር።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጩጬ እዚያው ቆማ ቀረች። አንድ ተቆጣጣሪ ያስጠነቀቃትን ሠራተኛ በጡረታው ዘመን ሲደውልላት መኖሩ አልዋጥልሽ አላት።

ምሳ ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ባለቤት፣ ሰው ሁሉ 'ዳቦ ቤቷ' የሚላት ሴት፣ መጣች። ወፍራምና ፈጣን ሴት ነች፤ ክርኗ ድረስ ዱቄት ነክቷታል፤ በእጇ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ጩጬን ጉንጯን ሳመቻትና ክሳቷን ተቆጣች፤ ዳቦውን ቆርሳ እጇ ላይ አስያዘቻትና ካልበላሽ አልሄድም ብላ በሩ ላይ ቆመች።

"ጠዋት ስልኩ ሲነሣ ሰማሁት" አለች። "ደስ አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ባዶ ቤት ውስጥ ሲጮህ ሆዴን ሲበላው ነው የሰነበተው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጮሃል፤ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ይጮሃል። አንድ ቀን አላጓደለም። እጄ ሊጥ ውስጥ ሆኖ ሰዓት የማውቀው በሱ ሆኗል።"

"እትዬ፣ ማነው የሚደውለው?"

ሴትዮዋ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ። መሰላል የተሸከመ፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው። ከተማው በሙሉ መስመረኛው ይለዋል። ቀበቶው ላይ ጉጠትና መፍቻ ተንጠልጥሏል። ገብቶ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ጩጬን በሁለት እጁ ጨበጣት፤ የአያቷን ወንበር አየ፤ ተገልብጣ ካርቶኖቹ መሃል ገብታለች። ዐይኑን ወዲያው መለሰ።

"ሌላ ሰው ይላክ ብያቸው ነበር" አለ። "ይህን መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ልቁረጠው ስል እጄ እሺ አይለኝም። ሌላ ሰው የለም አሉኝ።"

ዳቦ ቤቷ ከጨርቁ ለሱም ቆርሳ ሰጠችው። ሦስቱም ቆመው ሲበሉ፣ ሐዘንተኛ ቤት ውስጥ እንደሚሆነው፣ ወሬው ሄዶ ሄዶ ሟቿ ላይ አረፈ። ዳቦ ቤቷ አዲስ ሙሽራ በነበረችበት ጊዜ የደረሰባትን አወራች። ባሏ ለሥራ ሩቅ ከተማ ሄዶ ሳለ አንዲት ክፉ ሴት መጥታ ስለ እሱ ነገር አቀበለቻት። እሷም በንዴት ተቃጥላ ወደ ስልክ ቤት ሮጠች፤ ተመልሶ እንዳይመጣ፣ ጓዙን በወንድሟ እንደምትልክለት ልትነግረው።

"እማማ አለሁ ፊቴን አዩት" አለች። "'ውይ ልጄ፣ መስመሩ ተበላሽቷል፤ ነገ ጠዋት ነይ' አሉኝ። ሌሊቱን አለቀስኩ አለቀስኩና ወጣልኝ። ነገሩን ሳብሰለስለው ሴትዮዋ ከድሮም ቀናተኛ ነበረች። ጠዋት ስሄድ መስመሩ ደህና ሆኗል። 'ናፍቀኸኛል' አልኩትና አረፍኩት። ያ መስመር ባይበላሽ ኖሮ..."

"መቼ ነው ይሄ?" አለ መስመረኛው።

"ድልድዩ የተሠራ ዓመት።"

መስመረኛው የያዘውን ዳቦ ዝቅ አደረገው። "ድልድዩ የተሠራ ዓመት የሩቁ መስመር አንድ ቀን አልተበላሸም" አለ።

"ተበላሽቶ ነበር እንጂ። እኔ ራሴ..."

"አልተበላሸም፣ እትዬ። ምሰሶው ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ።" መናገር የከበደው ይመስል ጎንበስ አለ። "ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ መሰላችሁ! 'መስመሩ ታሟል፤ ሂድ እይልኝ' ይሉኛል። በዝናቡም በፀሐዩም እወጣለሁ፤ ሽቦውን ብፈትሽ ብፈትሽ ብልሽት የለም። ወርጄ 'ደህና ነው' ስላቸው፣ 'አሁን ተሠራ ማለት ነው፤ እጅህ መድኃኒት ነው' ይሉኛል። እኔም አምኜ፣ በነካሁት የሚድንልኝ ባለሙያ ነኝ ብዬ ስኩራራ ኖርኩ። ጡረታ የወጡ ዕለት ጠርተው፣ 'ይቅር በለኝ፤ በከንቱ አደከምኩህ፤ የተበላሸው መስመሩ አልነበረም፣ ሰዎቹ ነበሩ' አሉኝ። የተናደደ ሰው ሲመጣባቸው መስመሩን ያሳምሙታል። ሲያድር ይድናል።"

ዳቦ ቤቷ አጠገቧ ያለው ካርቶን ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ካርቶኑ ውስጥ ሳህን መኖሩን ማንም አላስታወሳትም። ዱቄታም እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ሦስት ልጆች" አለች ቆይታ። "ሦስቱም ልጆቼ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም። በየቀኑ ዳቦ እየገዙኝ።"

ጩጬ እጇ ላይ የቀረውን ዳቦ አስቀመጠች። አያቷን ታውቃቸው ነበር፤ ወይም እንደምታውቃቸው እርግጠኛ ነበረች። ትንሽ ሴት፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፤ ሻይ በስኳር ብዛት የሚያጣፍጡ። እኒያ ሴት በአንዲት የውሸት ቃል ስንት ትዳር፣ ስንት ወንድማማች፣ ስንት ባልንጀራ አሳድረው እንዳስታረቁ አሁን ቆጥሮ የሚደርስበት የለም። የከተማዋ ሚስጥር ሁሉ በጆሯቸው አልፏል። አንዱም በአፋቸው አልወጣም። ተደመመች፤ ሌላ ቃል አላገኘችለትም።

"ይሰሙ ነበር ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ። "የሰውን ወሬ።"

"መስማቱንማ ይሰሙ ነበር" አለ መስመረኛው። "አውጥተው ሲናገሩ ግን እኔ አልሰማሁም።"

ከዚያ ጉጠቱን ከቀበቶው ፈታና ወደ ስልኩ ሄደ። ሥራው ሥራ ነው። ጩጬም ጠዋት የገጠማትን ያነሣችው ዝም ማለት ስለከበዳት ብቻ ነበር። ሽቦው ሳያረጅ አልቀረም አለችው፤ አንድ ሰው ደውሎ እንዳልተናገረ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ እንደሰማች ነገረችው።

የመስመረኛው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዳቦ ቤቷ ጋር ተያዩ።

"ምን አልሽው?" አላት።

"የሥራ ደንባችንን። ሦስት ጊዜ 'ይሰማዎታል?' አልኩና ዘጋሁ።"

"ሦስት ጊዜም ቀጭ አለሽ?"

"አዎ። ልዝጋ ስል ደግሞ ሁለቴ ደጋገመው።"

መስመረኛው ጉጠቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ሽቦው ደህና ነው፣ የኔ ልጅ" አለ። "ሰዓት ሠሪው ነው።"

ሰዓት ሠሪውን ጩጬም ታስታውሳለች። ሱቁ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ አንድ ዐይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ ያጎነበሰ፣ ቀና ሲል ደግሞ በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ በስም የሚጠራ ሰው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰውነቱ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም አብሮ ተያዘ። ሱቁ ተዘጋ። አሁን ከልጁ ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ ነው የሚውለው፤ ከአልጋው ሆኖ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው። እማማ አለሁ ይህን ሲሰሙ መስመረኛውን ጠርተው፣ አልጋው ራስጌ ስልክ እንዲያስገባ አደረጉት። ከዚያ ራሳቸው በዱላቸው ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ወረንጦውን ከድሮ የሥራ ሣጥኑ አውጥተው በሚሠራው እጁ አስያዙት። አዎ ለማለት እጀታውን አንድ ጊዜ ቀጭ። የለም ለማለት ሁለት ጊዜ።

"በቀን ሁለቴ ይደውላል" አለ መስመረኛው። "እሳቸው 'አለሁ' ይሉታል። ከዚያ በዚህ መስኮት የሚያዩትን ይነግሩታል። ማን አለፈ፣ ማን አዲስ ጫማ አደረገ፣ የማን ፍየል ከማን በረንዳ ላይ ወጣች። ሌላ ምንም። መንገዱን ነው የሚሰጡት።"

"መሞታቸውን አያውቅም?"

"እንዴት አያውቅም? ቀብሩ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር መጥቶ አልነበረም? ያውቃል።" መስመረኛው ትከሻውን ሰበቀ። "ግን ሰዓቱ ሲደርስ ይደውላል። እጁ ለምዶበታል፤ ተው አልለው ነገር።"

ጩጬ የጠዋቱ ወሬ ቃል በቃል ተመለሰባት። "ይሰማዎታል?" ብላ ጠይቃለች፤ አዎ ብሏታል። ሁለተኛ ጠይቃለች፤ አዎ ብሏታል። ሦስተኛም እንዲሁ። "ልዘጋ ነው" ስትለው ደግሞ የለም ብሏታል። ጠይቃ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ተሰጥቷት፣ ድምፅዎ አይሰማም ብላ ዘጋችበት። ከሁለት ሳምንት ጩኸት በኋላ አንድ ሰው ስልኩን ሲያነሣለት ልቡ ምን ያህል እንደዘለለ አሰበችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስለደወሉልን እናመሰግናለን ብላዋለች።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውላል አይደል?" አለች። "ያኔ አነሣለታለሁ። ጋሼ፣ እስከዚያ አይቁረጡት።"

መስመረኛው የሚቀመጥበት ስላጣ መሰላሉ እርከን ላይ ተቀመጠ። ዳቦ ቤቷም ምድጃዋን ለሠራተኛዋ ትታ ቀረች። ጩጬ ካርቶን የምታሥር መስላ ገመዱን ትፈታለች፣ መልሳ ታሥረዋለች። አጎቷ ደወለ፤ መልሼ እደውላለሁ ብላ ዘጋችው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አለፈ። ስልኩ እንደተቀመጠ ቀረ።

"የሰዓት ሠሪው ሰዓት ቆሞበት አያውቅም" አለች ዳቦ ቤቷ። ማንም አልሳቀላትም፤ እሷም አልፈለገችውም።

አልደወለም። በማሽን ድምፅ የተባረረ ሰው ለምን ይደውላል? ጩጬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ መያዝ አለባት፤ ነገ ጠዋት ማዳመጫዋን ሰክታ ወንበሯ ላይ መገኘት አለባት፤ ቤቱ ውስጥ ነገ ሌሎች ሰዎች ይገባሉ። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበቻቸውና ወደ መስመረኛው ዞረች።

"የዚህን ስልክ ቁጥር ወደ ሞባይሌ ማዞር ይቻላል? የሚደወለው ሁሉ እኔ ጋ እንዲመጣ?"

መስመረኛው ቀና ብሎ አያት። "ይቻላል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ባይኖርም ቁጥሩ ቢሮአችን ይኖራል። በስምሽ እናዞረዋለን፤ መታወቂያሽን ይዘሽ ብቅ ማለት ነው። ግን ሥራ ላይ አይደለሽም እንዴ?"

"ከሰዓት የሻይ እረፍት አለኝ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት አስቀይረዋለሁ" አለች። ከአለቃዋ ጋር የሚጠብቃት ጭቅጭቅ ታያት፤ ሆኖም ብዙ አላስፈራትም። ማስጠንቀቂያ በዘሯ ነው። "የሱን ቁጥር ያውቁታል?"

ነገራት። የዘረጋውን መስመር ቁጥር የሚረሳ መስመረኛ የለም። ጩጬ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ፣ የደበዘዘውን እጀታ በግራ እጇ ይዛ ደወለች። አንዴ ጮኸ፤ ሁለቴ ጮኸ፤ ተነሣ። ትንፋሽ ብቻ።

አፏን ስትከፍት "ጤና ይስጥልኝ፤ ምን..." የሚለው ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው። ከዚያ ቀጥሎ የሚነገር ነገር የጻፈላት ሰው የለም።

"አለሁ" አለች።

ትንፋሹ ቆመ። የአያቷ ድምፅ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እሷም ልትመስል አልሞከረችም። በራሷ ድምፅ ነው ያለችው።

"ጩጬ ነኝ፣ ጋሼ። የልጅ ልጃቸው። ጠዋት የዘጋሁብዎት እኔ ነኝ። ሰምተውኝ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ይቅር ይሉኛል?"

ዳቦ ቤቷ በዱቄታም እጇ አፏን ይዛለች።

ቀጭ።

ጩጬ እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ፣ መጋረጃው በተነሣለት መስኮት ወደ ውጭ አየች። እንዴት እንደሚጀመር አታውቅም ነበር፤ ያየችውን መናገር ጀመረች። የዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ እየጨሰ መሆኑን ነገረችው። የድሮ ሱቁ መስታወት ላይ ፀሐይ ማረፏን፣ ሁለት ሴቶች በአንድ ጃንጥላ ሥር እየተጨቃጨቁ ማለፋቸውን፣ አንዲት ድመት መንገዱን ልታቋርጥ አስባ መተዋን ነገረችው። መስመረኛው በቀስታ ተነሥቶ መሰላሉን ይዞ ወጣ። በመስኮቱ በኩል ታየ።

"አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሟል" አለች። "መሰላል ይዟል። መስመራችንን ሊቆርጥ ነበር የመጣው። አልቆረጠውም። አሁን መሰላሉን እያጠፈ ነው።"

ቀጭ አለ፤ ቶሎ።

"ነገ ግን እዚህ የለሁም፣ ጋሼ። ጠዋት ጠዋትም አይመቸኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚሁ ቁጥር ይደውሉ፤ ያለሁበት ሆኜ አነሣለሁ። የምነግርዎ ግን ስለማያውቁት መንገድ ነው። ሰው ይበዛዋል፤ የማንንም ስም አላውቅም። ይሁን?"

ቀጭ።

ሞባይሏ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ አጎቷ ነው። ካርቶኖቹ ገና ግማሾቹ አልታሠሩም፤ አውቶቡሱም ሰው አይጠብቅም። ከወዲያ በኩል ሰዓት ሠሪው ይተነፍሳል።

"ለዛሬ ልዝጋው?" አለች።

ቀጭ ቀጭ።

ጩጬ የአያቷን ወንበር በነፃ እጇ ከካርቶኖቹ መሃል ስባ አወጣች፤ ገልብጣ አቆመቻትና መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።